በእሳቱ ሰ

ከተማችን ስም የላትም። ስም የሚያወጡት ሰዎች ከትልልቆቹ ከተሞች ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ ነው ይባላል፤ እኛ ዘንድ ገና አልደረሱም። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ «ያቺ ከተማ» ብሎ ይጠይቃል፤ መንገዱን ያሳዩታል፤ ይደርሳል። ስለዚህ በስም ማጣት የተቸገረ ሰው የለም።

እኔ በዚያች ከተማ ኩባያ አጣቢ ነኝ። ኩባያ አጣቢ ስላችሁ የሰው ቤት ዕቃ የማጥብ እንዳይመስላችሁ፤ የማጥበው የፈተና ኩባያ ነው። ነገሩ ለባዳ ሰው ማብራሪያ ይፈልጋል።

እኛ ጋ ልጅ ሁሉ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ከመግባቱ በፊት እጁ ይፈተናል። ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። በግራ እጁ ጀርባ ላይ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ኩባያ ይቀመጥለታል። ፊቱ በሕይወት ያለች ፌንጣ ወይም ጢንዚዛ ወገቧን በክር ታስራ ሰሌዳ ላይ ትቀርብለታለች። ልጁ በቀኝ እጁ እግሯን ይነቅላል። ሲነቅል ውሃው ካልፈሰሰ «እጀ ደረቅ» ይባላል። ከዚያ ፈታኙ «ምን አየህ?» ይለዋል፤ ልጁ «እንቅስቃሴ» ይላል። «ምን ሰማህ?» ይለዋል፤ «ምንም» ይላል። ይጨበጨብለታል፤ እናቱ እልል ትላለች፤ ልጁ ያልፋል።

ውሃውን ያፈሰሰ ልጅ ደግሞ «እጀ ርጥብ» ይባላል። ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል። እጁ አንዴ ከረጠበ አይቀር ተብሎ ኩባያ እንዲያጥብ ይሰጠዋል። እኔም ኩባያ አጣቢ የሆንኩት በዚሁ ነው።

የከተማችን ዳኛ እጀ ደረቅ ነው። ሐኪሙም፣ የመንገድ ሹሙም፣ የገበያ ጠባቂውም እንደዚሁ። ልጃገረድ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ስለ ሙሽራው መሬትና ከብት ከመነገሩ በፊት «ለመሆኑ እጁ ደረቅ ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ደረቅ ከሆነ ሌላው ሌላው ይደረስበታል።

ባለፈው በጋ የነፍሳት ነጋዴው የአቶ ብርቁ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። አቶ ብርቁ ማን እንደሆነ እደርስበታለሁ። እሳቱን ለማየት የከተማው ሰው ሁሉ ወጣ። ሁሉም እጁን አጣምሮ፣ ሳይጮህ፣ ሳይገፋፋ፣ በሥርዓት ቆሞ ተመለከተ። እሳቱ በየትኛው ማዕዘን እንደጀመረ፣ የትኛው ምሰሶ ቀድሞ እንደወደቀ ዛሬም ብትጠይቋቸው አንዱም አይሳሳትም። ውሃ ያመጣ ግን አልነበረም። የከተማችን ሰው ስለ ውሃ የተማረው እንዳይፈስ አድርጎ መያዝን ብቻ ነው። በኋላ እኛ አጣቢዎቹ ከገንዳችን በባልዲ እየቀዳን ደፋንበትና ጠፋ። በማግስቱ ከሹሙ ቢሮ ተግሣጽ መጣልን፤ ምልከታውን አቋርጣችኋል የሚል።

ሹሙ ማለት የአስተውሎት ሹም ነው። ፈተናውን የሚመራው፣ እኛንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም፤ እጁ ደግሞ ከከተማው ሁሉ የደረቀ ነው ይባላል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አንድ ጊዜ የጢንዚዛ ኩባያ በስህተት ለፌንጣ ፈተና ቀረበና ትልቅ ግርግር ሆነ። ኩባያዎቹ በመልክ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በተጻፈባቸው ጽሑፍ ነው። እኛ ደግሞ በልጅነት የቆጠርነው ፊደል ከገንዳው ዳር ጠፍቶብናል፤ ማንበብ አንችልም። «እንግዲያው አጣቢዎች ፊደል ይማሩ» ተባለ። በዚህ ዓይነት ልጄ ትርንጎ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔም ገባሁ። እሷ ጠዋት ትማራለች፤ እኔ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ በተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ይጋጭ ነበር።

የሚያስተምረን መምህር ጓንጉል ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሲናገር በር በሩን ያያል። ሰ ላይ ስንደርስ ሁለት ዓይነት ሰ ጻፈልን።

«ይህ እሳቱ ሰ ይባላል፤ እሳት የሚጻፈው በሱ ነው። ይህኛው ደግሞ ንጉሡ ሠ፤ ንጉሥ የሚጻፈው በሱ ነው።»

«ድምፃቸው ምን ይለያል?» አለች ከጎኔ የምትቀመጠው እትዬ ዳሳሽ። ከአጣቢዎች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት።

«በድምፅ አይለያዩም።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ሆኑ? አንዱ ሲደክመው ሌላው እንዲተካው ነው?»

ሳቅን። መምህር ጓንጉልም ሊስቅ ብሎ በሩን አየ፤ ተወው።

በሕይወቴ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ገበያ ውስጥ አቶ ብርቁ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ነው። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት። «ነፍሳት በችርቻሮ» ይላል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩ። ያው ነው።

እኔ ነፍሳት የሚለውን ቃል የማውቀው ከጸሎት ነው። የሙታን ነፍሳት፣ የጻድቃን ነፍሳት ሲባል እሰማለሁ። ሌላ ትርጉም አለው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ገባሁ።

«አቶ ብርቁ፣ እበር ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«አነበብሽው? ጎሽ! ወይ የትርንጎ እናት፣ ሰው ሆንሽ በይኛ!»

«ነፍሳት ነው የሚለው?»

«ነፍሳት ነው።»

«የማን?»

«እንዴት የማን? የኔ ናቸዋ። ከባላገር ልጆች ላይ ነው የምሰበስበው።»

«ከልጆች ላይ!»

«ልጆች ይሻላሉ። ትልልቁ ሰው ይጨፈልቅብኛል። እይ፣ ዛሬ ጠዋት የገቡ ናቸው፤ ገና ትኩስ ናቸው። ትርንጎ ፈተናዋ ደርሷል አይደል? ለሷ የምትሆን ደከም ያለች ላውጣልሽ?»

የሱቁን ምሰሶ ያዝኩ። እሱ የቅርጫቱን ክዳን ከፈት አደረገው። ውስጡ አረንጓዴ ነገር ተንጫጫ፤ አንዷ ዘላ ደረቴ ላይ አረፈች።

«ይሄማ ፌንጣ ነው!» አልኩ።

«ፌንጣ የባላገር ስሟ ነው። በትምህርት ቋንቋ ነፍሳት ይባላሉ። ዝንቡም፣ ጢንዚዛውም፣ ቢራቢሮውም፣ ሁሉም ነፍሳት ነው። ሳታውቂ ነው የደነገጥሽው?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ግን ደረቴ ላይ ያረፈችው ፌንጣ አልወረደችም ነበርና ስስቅ ልቤ እሷን ሲነቀንቃት ይታየኝ ነበር።

ቤት እስክደርስ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው ሰነፍ አይደለም። ከስንት ነገር መርጦ ነው ነፍሳት ያላቸው። ያ ሰው ምን አይቶ ነው? እኛስ ምን አይተን ነው «እንቅስቃሴ» የምንለው?

እኔ ነገር ከያዘኝ የማልተኛ ሰው ነኝ። ለወላጆች በተጠራው ስብሰባ ላይ ሹሙ «ጥያቄ ያላችሁ?» ሲል እጄ ሳላዘው ተነሣ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነው። ልጆቻችን የሚነቅሉት ነፍሳት ይባላል?»

«አዎን።»

«ነፍሳት ማለት ደግሞ የነፍስ ብዙ ቁጥር ነው?»

ሹሙ ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

«ጥያቄሽ መልካም ነው፤ ይጠናል» አለ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅሽ ትርንጎ አምና ጆሮዋ ውስጥ እባጭ ወጥቶባት ነበር። ሐኪሙ በስለት ከፍቶ አዳናት። እጁ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ዛሬ ደንቆሮ ነበረች። ያ እጅ ጽናቱን ከየት ያመጣ ይመስልሻል? ከፌንጣ እግር ነው የጀመረው። ከአንዲት ፌንጣና ከልጅሽ ጆሮ ምረጪ ብትባዪ የቱን ትመርጫለሽ?»

እውነቱን ነው፤ ሐኪሙ አድኗታል። ስለቱ ሲገባ እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው። ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና እንደገና ብድግ አልኩ።

«ሐኪሙ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ልክ ነው። ግን ከመክፈቱ በፊት ጭንቅላቷን ዳብሶ አይዞሽ ብሏታል። እኔ እስከ ዛሬ ለፌንጣ አይዞሽ ሲል ያየሁት ልጅ የለም። ይህን የምታስተምሩበት ክፍል ስንተኛው ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ወደ ልጁ ዞሮ አየ። ሹሙ መነጽሩን መልሶ አደረገና ስብሰባው ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ወሬው በየቤቱ ገባ። ሴቶች አቶ ብርቁ ሱቅ ደርሰው ጽሑፉን ያዩና ይመለሱ ጀመር። ልጆች ምሳ ላይ «እማዬ፣ የፌንጣ ነፍስ የት ነው የሚሄደው?» ብለው ወላጆቻቸውን ትን አስባሉ። ጉዳዩ ወደ ላይ ወጣ። የቃላት ሸንጎ ተቀመጠ። ፈተናው ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚል ክርክር አልነበረም፤ የተከራከሩት ስለ ቃሉ ነው። ብዙ ከተማከሩ በኋላ አዋጅ አወጡ። አዋጁን እኔው ራሴ አደባባይ ቆሜ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፤

«ከዛሬ ጀምሮ የሰው ነፍሳት በእሳቱ ሰ ይጻፋል። የሚታሰረው፣ የሚነቀለውና የሚቸረቸረው ግን በንጉሡ ሠ፣ ነፍሣት ተብሎ ይጻፋል። በሁለቱ መካከል ምንም ዓይነት ዝምድና የለም። ጥያቄው በዚህ ተመልሷል።»

ከተማው እፎይ አለ። አቶ ብርቁ የዚያኑ ቀን ጽሑፉን አስፍቆ በንጉሡ ሠ አስጻፈው።

«የትርንጎ እናት፣ ምስጋና ይግባሽ» አለኝ ከሱቁ ሆኖ። «ያን ጥያቄ ከጠየቅሽ ጀምሮ ቅርጫቱን ስከፍት ይከብደኝ ነበር። ለካ የፊደል ጉዳይ ነው!»

እኛም ክፍል ውስጥ አዲሱን አጻጻፍ ተማርን። መምህር ጓንጉል ሰሌዳው ላይ ነፍሣት ብሎ ጻፈና «ይህን ቃል በደንብ ያዙት፤ የምስክር ወረቀት የምትቀበሉት ይህን ስትጽፉ ነው» አለን።

«መምህር» አለች እትዬ ዳሳሽ፤ «ፌንጣዎቹ ተነግሯቸዋል?»

«ምን?»

«ፊደላቸው መቀየሩ። ያው አሁን እግራቸው ሲነቀል እንደ ድሮው እንዳይሆኑ ብዬ ነው።»

መምህር ጓንጉል በሩን አየ። በሩ ዝግ ነበር። ያን ጊዜ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «አልተነገራቸውም» አለ።

የትርንጎ ፈተና እየቀረበ መጣ። እዚህ ላይ አዋቂ መስዬ እንድታይ አልፈልግም፤ ልጄ እንድታልፍ እፈልግ ነበር። የኔ ጣቶች ከውሃ ብዛት ተሸብሽበዋል፤ ብርድ ሲሆን ይሰነጠቃሉ። የሷ ጣቶች እንዲህ እንዲሆኑ አልፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትርንጎ ትምህርት ትወዳለች። የሚያወራ ሰው አፍ ላይ ዓይኗን ተክላ የምትቀር ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገዱ ዳር ሣር ላይ በሆዷ ተኝታ ፌንጣ ስታይ ትቆያለች፤ ቀሚሷን አረንጓዴ አድርጋ ትመጣለች። ታዲያ ያችን ልጅ ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ አቁሜ፣ እጇ ጀርባ ላይ ኩባያ አስቀምጬ አለማምዳት ጀመር። በፌንጣ ፈንታ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እሰጣትና «ቅጠሉን ንቀዪ» እላታለሁ። ትነቅላለች። ውሃው ንቅንቅ አይልም።

«ጎበዝ! አየሽ? ቀላል ነው። ያን ቀንም ቅጠል ነው ብለሽ አስቢ።»

«እማዬ፣ ቅጠል መሆኑን ፌንጣዋ ታውቃለች?»

«አንቺ ልጅ፣ ነገር አታብዢብኝ።»

ሌላ ቅጠል ነቀለችና «አንቺስ ያኔ ለምንድን ነው ያፈሰስሽው? ፈርተሽ ነው?» አለችኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ፈታኙ እንኳ «አፍስሳለች» አለ እንጂ ለምን አላለም።

«የኔ ጢንዚዛ ነበረች» አልኳት። «እግሯን ልይዝ ጣቴን ሳስጠጋ እሷ ቀድማ ጣቴን ያዘችኝ። በሌላኛው እግሯ። እንደዚህ ጥብቅ አድርጋ፤ ሕፃን ጣት እንደሚይዝ። ከዚያ ውሃው ፈሰሰ።»

ትርንጎ ኩባያውን ከእጇ ላይ አንሥታ አስቀመጠችው። ያን ቀን ልምምድ አበቃ።

በፈተናው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሹሙ መካከል ተቀምጧል፤ በግራና በቀኙ ደንብ አዋቂዎች አሉ። እኛ አጣቢዎች ከኋላ ከነባልዲያችን ቆመናል። የኛም የምስክር ወረቀት በዚሁ ቀን ይሰጣል ስለተባለ መምህር ጓንጉል ከሰሌዳው አጠገብ ጠመኔ ይዞ ይጠብቃል። ልጆች አንድ በአንድ ቀረቡ። «ምን አየህ?» «እንቅስቃሴ።» «ምን ሰማሽ?» «ምንም።» ጭብጨባ፣ እልልታ።

የትርንጎ ተራ ደረሰ። ኩባያው እጇ ላይ ተቀመጠ። ውሃው መስተዋት ሆነ። እንደዚያ ጸጥ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ደንብ አዋቂዎቹ እንኳ እርስ በርስ ተያዩ።

«ንቀዪ» አለ ሹሙ።

«አልነቅልም» አለች ትርንጎ።

«እጅሽ ሊንቀጠቀጥ ነው?»

«አይንቀጠቀጥም። ይኸው ይዩት።»

አየው። ውሃው ንቅንቅ አላለም።

«እሺ። ምን አየሽ?»

«በፊት እግሯ ቀንዷን ጎትታ በአፏ ታጸዳዋለች። ሜዳ ላይም እንደዚህ ነው የምታደርገው። አሁን ግን ክሩ ወገቧ ላይ ጠብቆባታል፤ መሄድ ትፈልጋለች።»

«መፈለግ በዓይን አይታይም። እንቅስቃሴ በይ።»

«እኔንም ወገቤን ቢያስሩኝ እንቅስቃሴ አሳይዎታለሁ።»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳና ወዲያው ታፈነ። ሹሙ አልተቆጣም፤ መቆጣት ልማዱ አይደለም። ወደ ደንብ አዋቂዎቹ ዞረ። ደንቡ ግልጽ ነው። ፈተናው የሚያበቃው እግሩ ሲነቀል ወይም ውሃው ሲፈስ ነው። ከሁለቱ አንዱ እስኪሆን አያበቃም። እጁ ደርቆ የማይነቅል ልጅ እስከዚያን ቀን አልተወለደም ነበር፤ ስለዚህ ደንቡ አላሰባትም።

«እንጠብቃለን» አለ ሹሙ። «ክንድ ሥጋ ነው፤ ይደክማል።»

ጠበቅን። ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ፣ በሥርዓት፣ ያን መጋዘን ሲቃጠል እንዳየው አድርጎ ልጄን ያያት ጀመር። መጀመሪያ ትከሻዋ ዝቅ አለ። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። የውሃው ጠርዝ ላይ ትንሽ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች። እኔ ከዚያ ሁሉ ሰው በስተኋላ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ንቀዪው፣ ልጄ። አንዲት እግር ናት። ንቀዪውና ከዚህ ውጪ። ይህንኑ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

ያኔ ዞር ብላ አየችኝ። እንድረዳት አልነበረም ያየችኝ። ያንን ልላት እንደሆነ ገብቷት፣ እንዳልላት ነው።

ባልዲዬን አስቀመጥኩ። በሰው መካከል እየገፋሁ ወደ ፊት ሄድኩ። ማንም አላስቆመኝም፤ ለማየት ነው የቆሙት። ጠረጴዛው ጋ ደርሼ ኩባያውን ከልጄ እጅ ላይ በሁለት እጄ አነሣሁትና እስከ ታች ጨልጬ ጠጣሁት። ከዚያ ባዶውን መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።



«ውሃው የት ሄደ?» አለ ሹሙ።

«ጠጣሁት።»

«ለምን?»

«ልጄ ደከማት። እኔ ደግሞ ጠማኝ።»

ደንብ አዋቂዎቹ ተነሡ። አንዱ «ውሃው ስለሌለ ፈሷል ማለት ነው» አለ። ሌላው ጎንበስ ብሎ ወለሉን በመዳፉ ዳበሰና «የት ፈሰሰ? ይኸው ደረቅ ነው» አለ። «ካልፈሰሰ አልፋለች በላ!» «እንዴት ታልፋለች ሳትነቅል?» «ታዲያ ወድቃለች ልትል ነው፣ እጇ ደርቆ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። ነገሩን ጎትተው ጎትተው በሴትየዋ ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ እንደፈሰሰ ይቆጠራል ወይስ እንደተያዘ የሚለው ላይ ደረሱ።

እነሱ ሲነታረኩ ትርንጎ ክሩን ፈታችው። ፌንጣዋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ተስፈንጥራ የሹሙ እጅ ላይ አረፈች። ሁላችንም አየናት። ሹሙ እጁን አላነሣም፤ አላራገፋትም። የከተማው ደረቅ እጅ ነውና ንቅንቅ አላለም። እሷ ጣቱ ላይ ቆማ በፊት እግሯ ቀንዷን ጎትታ አጸዳች፤ ልክ ልጄ እንዳለችው። ሹሙ ረጅም ጊዜ ተመለከታት። ምን እንዳየ የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱን የሚጠይቅ ሹም አልተሾመም። ከዚያ በመስኮቱ ዘላ ሄደች።

ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ወይዘሮ አትጠገብ» አለ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ፊደል ተምረሻል አሉ። ወደ ሰሌዳው ሂጂ። ያንን ቃል ጻፊ።»

መምህር ጓንጉል ጠመኔውን ሰጠኝ። እኔ ጠመኔ ስይዝ እንደ ማንኪያ ነው የምይዘው፤ እስካሁን አልተወኝም። ነ ጻፍኩ። ፍ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ መምህር ጓንጉል አፉን ሳይከፍት ማለት ይቻላል «ንጉሡን... ንጉሡን...» አለኝ።

«አውቃለሁ መምህር» አልኩት። «በደንብ ነው ያስተማሩኝ።»

እሳቱን ጻፍኩ። ት አስከተልኩበት።

«ተሳስተሻል» አለ ሹሙ። «አጥፊና በትክክል ጻፊ። ወረቀትሽን አሁኑኑ ትወስጃለሽ።»

«አልተሳሳትኩም ጌታዬ። ሁለቱንም ሰ አውቃቸዋለሁ። መርጬ ነው።»

ይህን ስል ከኋላዬ፣ ፈተናቸውን ጨርሰው ወለሉ ላይ የተቀመጡት ልጆች፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ በአንድ ድምፅ እንዲነበብ ተምረዋልና፣ ሳይታዘዙ ጮኸው አነበቡት፤

«ነ-ፍ-ሳት!»

ሹሙ ወደ እነሱ ዞረ። «የትኛው?» አለ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንደገና አነበቡት፤ አሁን ይበልጥ ጮኸው። ድምፁ ያው ነበር። አንደኛዋ ሰ ከሌላዋ በጆሮ አትለይም። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ሁሉን ሲያስቡ ጮክ ብሎ ማንበብን አላሰቡም ነበር። ከኋላ እትዬ ዳሳሽ ባልዲዋን በኩባያ እየመታች «ድገሙት ልጆቼ! እኔ ዓይኔ አያይም፤ አልሰማሁም!» አለች። ደገሙት።

እኔ የምስክር ወረቀት አልተሰጠኝም። «እጀ ርጥብ» ተብዬ እንደገና ተመዘገብኩ፤ የረጠበ ነገር ሁለተኛ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ምንም አልሆንኩም። የትርንጎ ነገር ደግሞ ለሸንጎ ተመርቷል። እስከ ዛሬ ተቀምጠው የተጠጣ ውሃ ፈሷል ወይስ አልፈሰሰም ይላሉ። ውሳኔ እስኪመጣ አላለፈችም፣ አልወደቀችምም፤ ስለዚህ በየቀኑ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ የሚከለክላት ደንብ አልተገኘም። ስትመለስ ቀሚሷ አረንጓዴ ነው።

ከትርንጎ ፈተና በኋላ በነበረው የፈተና ቀን የመጡልንን ኩባያዎች ሳጥብ አንድ ነገር አየሁ። የፈተና ኩባያ ወደኛ ሲመጣ ወይ እስከ አፉ ሞልቶ ነው፣ ወይ ግማሹ ፈሶ። ያን ቀን ግን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሙልጭ ብለው ባዶ ነበሩ። ወደ ብርሃን አዙሬ አየኋቸው። ጠርዛቸው ላይ የከንፈር አሻራ ነበረ፤ የእናት ከንፈር፣ ትልቅ። በአንደኛው ላይ ግን ትንሽ፣ የልጅ። እትዬ ዳሳሽን ጠርቼ አሳየኋት። «እንግዲህ ይህችን አታጥቢያት» አለችኝ። አላጠብኳትም።

በማግስቱ አደባባዩ ላይ አዲስ አዋጅ ተለጠፈ። በፈተና ቀን መጠማት የተከለከለ ነው ይላል። አንብቤዋለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ። እኔ ግን የዚያን ቀን ይጠማኛል፤ ካሁኑ አውቀዋለሁ።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ከርጥብ እጅ የወጣ ነውና አንዳንድ ቦታ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ይሆናል፤ የፊደል ግድፈትም አይጠፋውም። ብታገኙ አርሙልኝ፤ እማርበታለሁ። ነፍሳት በሚለው ቃል ውስጥ ያለችውን እሳቱን ግን አትንኩብኝ።